ሕጉ ሲላላ የማዳበሪያ ነጋዴው ለምን ከሰረ? የሆውቶርን ጉዳይ

ካናቢስ ሕጋዊ ሲሆን ማን ያተርፋል? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው «አብቃዩ ነዋ» ብሎ ነው። ትንሽ ጠለቅ ብሎ የሚያስበው ደግሞ «ለአብቃዩ ዕቃ የሚሸጠው ነው» ይላል። አብቃዩ አተረፈም ከሰረም ተክሉ መመገብ አለበት። ስለዚህ ማዳበሪያ ሻጩ የሚጎዳበት መንገድ የለም፤ ገበያው ሲሰፋም ዋጋ ይጨምራል።

ጥሩ ስሌት ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ ይህን ስሌት አምኖ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አፈሰሰበት። ለጥቂት ዓመታት ልክ ነበር። ከዚያ ሽያጩ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ። ይህ ጽሑፍ የዚያን ኩባንያ ጉዳይ ይተርካል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሣር ወደ ካናቢስ

ኩባንያው ስኮትስ ሚራክል ግሮ ይባላል። መነሻው በ1868 ኦሃዮ ውስጥ፣ ሜሪስቪል በምትባል ከተማ ነው። አሜሪካውያን ግቢያቸው ውስጥ ለሚያሳምሩት ሣር ዘርና ማዳበሪያ በመሸጥ የታወቀ ነው። የጡረተኞችና የቤተሰብ አባወራዎች ኩባንያ ነው ቢባል አይበዛበትም። መሪው ጂም ሄጌዶርን ድሮ የኤፍ 16 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር።

ይኸው ሰው በ2011 ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጠው ቃለ ምልልስ የካናቢስ አብቃዮችን ገበያ እንደሚፈልገው በግልጽ ተናገረ። ያኔ ለመዝናኛ የፈቀደ አንድም ግዛት አልነበረም። ኮሎራዶና ዋሽንግተን በሕዝብ ድምፅ የፈቀዱት በ2012 ነው። የኮሎራዶ ሱቆች የተከፈቱት ደግሞ በጥር 2014። ሰውየው ቀድሞ ማየቱን መካድ አይቻልም።

በ2014 ስኮትስ ለዚሁ ገበያ ሆውቶርን የሚባል በሥሩ ያለ ኩባንያ አቋቋመ። ከዚያ ግዢው ተጀመረ። በ2015 ጄኔራል ሃይድሮፖኒክስን፣ ከሌላ አነስተኛ ድርጅት ጋር፣ ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ጠቀለለ። ጄኔራል ሃይድሮፖኒክስ ከ1976 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ አፈር ለሚያለሙ ሰዎች ፈሳሽ ማዳበሪያ ሲያመርት የኖረ ስም ነው። በ2016 የመብራት አምራቹ ጋቪታና የማዳበሪያ አምራቹ ቦታኒኬር ተከተሉ። በዚያው ዓመት ሄጌዶርን ለፎርብስ መጽሔት ሲናገር፣ በዚህ ዘርፍ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያህል የማፍሰስ ሐሳብ እንዳለው ገለጸ።

ለምን ማዳበሪያ? ለምን ካናቢሱን ራሱን አያበቅልም? መልሱ ሕጉ ውስጥ ነው። በፌዴራል ሕግ ካናቢስ ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ተክሉን የሚነካ ድርጅት ትልልቆቹ የአገሪቱ አክሲዮን ገበያዎች ላይ አይመዘገብም። ባንክ ይሸሸዋል። በግብር ሕጉ አንቀጽ 280ኢ መሠረት ደግሞ እንደ ሌላው ነጋዴ የሱቅ ኪራይና የሻጭ ደመወዝ ከገቢው ላይ መቀነስ አይችልም። ማዳበሪያ ሻጩ ግን ተክሉን አይነካም። ለቲማቲምም ለጽጌረዳም የሚሆን ዕቃ ነው የሚሸጠው። በካናቢስ ትርፍ ለመካፈል የሚፈልግ ነገር ግን ሕጉን የሚፈራ ባለሀብት ሁሉ ገንዘቡን ይዞ የሄደው ወደነዚህ ኩባንያዎች ነው። የአክሲዮናቸው ዋጋ ከሚሸጡት ዕቃ በላይ የተወጠረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን፤ የዋጋው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ማዳበሪያ ሲሸጥ ጠርሙሱ ወይም ከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ። የናይትሮጅን፣ የፎስፌትና የፖታሽ ድርሻ በመቶኛ ናቸው። የጄኔራል ሃይድሮፖኒክስ ታዋቂ ምርት የሆነው ፍሎራግሮ 2-1-6 ይላል። ሲደመር 9 በመቶ ነው። ከቀረው ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። ገዢው ውሃ ይገዛል፤ ኩባንያው ውሃ በጭነት መኪና ከግዛት ግዛት ያጓጉዛል። ነጥሮ ሲታይ የከበረ ነገር ውስጡ የለም። ለአትክልት ግሪንሃውስ ከሚሸጠው የጨው ዱቄት (የገበታ ጨው ሳይሆን የማዕድን ማዳበሪያ) ጋር መሠረቱ አንድ ነው።

ታዲያ በሕገወጡ ዘመን አብቃዩ ለምን ያን ያህል ይከፍል ነበር? ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

አንደኛ፣ ምርቱ ውድ ነበር። የኮሎራዶ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ለግብር ስሌት የሚያወጣው አማካይ የጅምላ ዋጋ በጥር 2015 ለአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 2,007 ዶላር ነበር። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ለአንድ ፓውንድ የሚወጣው ማዳበሪያ 40 ዶላር ነው እንበል። ከምርቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። ለ2 በመቶ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ማዳበሪያ ቀይሮ አንድ ዙር ምርት ቢበላሽበት የሚያጣው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የሚያማክረው ሰው አልነበረም። የበቆሎ ገበሬ ችግር ሲገጥመው የዩኒቨርሲቲ የግብርና ባለሙያ ይጠይቃል። ካናቢስ አብቃይ ይህ አልነበረውም። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙት ዩኒቨርሲቲዎች ጉዳዩን በሩቁ ነበር የሚያዩት። ስለዚህ አስተማሪው የሱቁ ሻጭና ጠርሙስ አምራቹ ያተመው የአመጋገብ ሰንጠረዥ ሆኑ። ሰንጠረዡ ደግሞ አንድ ጠርሙስ አይበቃውም። ለቅጠል አንድ፣ ለአበባ አንድ፣ ለሥር ማነቃቂያ አንድ፣ ለካልሲየም አንድ፣ መጨረሻ ላይ «ማጠቢያ» ሌላ አንድ። ሻጩ ሐኪምም ፋርማሲስትም ሆኖ ሲሠራ ሂሳቡ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ምስጢራዊነቱ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል፣ ደረሰኝ የማይፈልግ፣ ስሙን መናገር የማይሻ ገዢ ዋጋ አይከራከርም። በጅምላም አያዝዝም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው የጠርሙሱን ዋጋ ወደ ላይ የሰቀለው። ዋጋው ከማዳበሪያው የመጣ ሳይሆን ከክልከላው የመጣ ነበር። ሕጉ ሲላላ ሦስቱም ምክንያቶች አንድ በአንድ መፍረሳቸው አይቀርም።

2018፦ ካሊፎርኒያ ተከፈተ፣ ሽያጭ ወረደ

ካሊፎርኒያ በኅዳር 2016 በሕዝበ ውሳኔ ፈቀደች። ፈቃድ ያላቸው የመዝናኛ ሱቆች ሥራ የጀመሩት ጥር 1 ቀን 2018 ነው። የአሜሪካ ትልቁ የካናቢስ ገበያ በይፋ ተከፈተ ማለት ነው። የሆውቶርን ሰዎች እጃቸውን እያሟሹ ጠበቁ።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አዲስ የተገዙት ድርጅቶች ያመጡት ገቢ ሲቀነስ፣ የነባሩ ሥራ ሽያጭ በዚያ ዓመት ወረደ። ምክንያቱ ወደ ኋላ ዞሮ ለሚያየው ግልጽ ነው። ለዓመታት በጓሮና በመጋዘን ሲያበቅል የኖረው ሰው አሁን ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከግዛቱም ከከተማውም። ብዙ ከተሞች ጭራሹን አንፈልግም አሉ። የፈቀዱትም የራሳቸውን ግብር ጫኑ። የቻለው ፈቃዱን እየጠበቀ ሥራ አቆመ። ያልቻለው ተወው ወይም ተደብቆ ቀጠለ። አዲሱ ትልቅ አብቃይ ደግሞ ገና ግንባታ ላይ ነው። አሮጌው ደንበኛ ሄዷል፣ አዲሱ አልመጣም።

ሕጋዊነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው የማዳበሪያ ሱቁ ነው ብዬ የምለው ለዚህ ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ በ2018 ላይ በግልጽ ተሰጥቷል። ስኮትስ ግን በዚያው ዓመት ትልቁን ግዢ ፈጸመ፤ በዘርፉ የአሜሪካ ትልቁን አከፋፋይ ሰንላይት ሰፕላይን በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። 425 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድል የሚሉት ነገር ነው። ኮቪድ መጣ። ሰው ቤቱ ተቀመጠ፣ መንግሥት ገንዘብ አደለ፣ የካናቢስ ሽያጭ ወደ ላይ ተተኮሰ፣ አብቃዮች በብድር ተስፋፉ። የሆውቶርን ሽያጭ በ2020 የበጀት ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2021 ወደ 1.42 ቢሊዮን ወጣ። የስኮትስ አንድ አክሲዮን በ2021 ጸደይ 250 ዶላር አካባቢ ተሸጠ። የ2018ን ማስጠንቀቂያ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ቢያስታውስም ማን ይሰማዋል።

ተፎካካሪዎቹም ዝም አላሉም። ሃይድሮፋርም በታኅሣሥ 2020 አንዱን አክሲዮን በ20 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው ከ90 ዶላር በላይ ተተኮሰ። ባገኘው ገንዘብ በ2021 ብቻ የማዳበሪያ አምራቾቹን ሄቪ 16ን፣ ሃውስ ኤንድ ጋርደንን፣ ኦሮራ ኢኖቬሽንስንና ግሪንስታርን ገዛ። ሁሉንም በገበያው ጣሪያ ላይ።

ሲወርድ

በ2021 አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካናቢስ ሞልቶ ፈሰሰ። አዲስ ነገር አልነበረም። ኦሪገን ውስጥ የግዛቱ ተቆጣጣሪ በ2019 ባወጣው ጥናት በክምችት ያለው ምርት ለስድስት ዓመት ተኩል ፍጆታ የሚበቃ መሆኑን ገልጾ ነበር። ካናቢስ ከግዛት ወደ ግዛት መሸጥ አይፈቀድም። የተረፈ ምርት መውጫ የለውም፤ ያለው ምርጫ ዋጋ መጣል ነው። የኮሎራዶው አማካይ ዋጋ በ2021 መጀመሪያ ከ1,700 ዶላር በላይ ነበር። በ2023 ወደ 650 ዶላር አካባቢ ወረደ።

ያንን የ40 ዶላር ስሌት እንመልሰው። 40 ዶላር ከ2,007 ውስጥ 2 በመቶ ነበር። ከ650 ውስጥ ግን 6 በመቶ ያልፋል። በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያመርት ድርጅት ማዳበሪያውን ከ40 ወደ 10 ዶላር ማውረድ ከቻለ 60,000 ዶላር ይተርፈዋል። የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ነው። በጥሩው ጊዜ ማንም ያላየውን ወጪ አሁን የሂሳብ ባለሙያው በቀይ ያሰምርበታል።

የሆውቶርን ቁጥሮች ይህን ይመስላሉ። በ2022 የበጀት ዓመት ሽያጩ ወደ 716 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ግማሹ ጠፋ። በ2023 ወደ 467 ሚሊዮን። በ2024 ወደ 295 ሚሊዮን። ስኮትስ በ2022 ብቻ ከሆውቶርን ጋር የተያያዘ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ከመዝገቡ ላይ ፋቀ። በውድ ገዝቼዋለሁ፣ አሁን ያን አያወጣም ብሎ ማመን ማለት ነው። አክሲዮኑ በዚያው ዓመት መገባደጃ ከ50 ዶላር በታች ወረደ። ዕዳው ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ስለነበር ሠራተኛ መቀነስ የግድ ሆነ።

ሃይድሮፋርም በ2021 የሸጠው 479 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 ወደ 190 ሚሊዮን ወረደ። በ2025 መጀመሪያ አሥር አክሲዮኖችን ወደ አንድ አጣጠፈ። የሱቅ ሰንሰለቱ ግሮውጄኔሬሽንም ከ422 ሚሊዮን ወደ 189 ሚሊዮን ወርዷል፤ ዓመቶቹ ያው ናቸው።

ለፍትሐዊነት ሁለት ነገር ልበል። እነዚህ ቁጥሮች የማዳበሪያ ብቻ አይደሉም። መብራት፣ ማጣሪያና ማራገቢያ አለበት። አዲስ መጋዘን የማይገነባ አብቃይ መብራት መግዛት ወዲያው ያቆማል፤ ማዳበሪያ ግን ተክል እስካለ ድረስ ይገዛል። ስለዚህ የማዳበሪያው ውድቀት ከጠቅላላው የከፋ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ «ይህ የኮቪድ ግርግር እንጂ የሕግ ጉዳይ አይደለም» የሚል ክርክር አለ። ግማሽ እውነት አለው። በ2022 የሣር ማዳበሪያውም ሽያጭ ቀንሷል። ልዩነቱ የሣሩ ገበያ በኋላ ማገገሙ ነው። ሆውቶርን አላገገመም።

በዚህ ላይ ሌላ ዱላ ተጨመረ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የዓለም ማዳበሪያ ዋጋ ናረ። ሩሲያና ቤላሩስ ከፖታሽ ትልልቅ ላኪዎች መካከል ናቸው፤ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጥሬ ዕቃው የተወደደው ደንበኛው በሸሸበት ሰሞን ነው። የሣር ማዳበሪያ ገዢ ዋጋ ሲጨመርበት አጉረምርሞ ይከፍላል። ዕዳ ያለበት ካናቢስ አብቃይ ግን ወደ ሌላ ይሄዳል።

ወዴት ሄደ?

ወደ ዱቄት። ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለው ጄ አር ፒተርስ የተባለው የቤተሰብ ኩባንያ ከ1947 ጀምሮ ለግሪንሃውሶች የጨው ማዳበሪያ ሲሠራ የኖረ ነው። ጃክስ በሚለው ስሙ የሚሸጠው 5-12-26 ዱቄት ካናቢስ አብቃዮች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ። አብቃዮች ዘንድ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ተብሎ የሚታወቅ ቀመር አለ፤ ለአንድ ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) ውሃ 3.6 ግራም የዚህ ዱቄት፣ 2.4 ግራም ካልሲየም ናይትሬት፣ 1.2 ግራም ኤፕሶም ጨው። ሦስት ከረጢት ብቻ። ባለ 25 ፓውንዱ ከረጢት በዚህ መጠን 3,150 ጋሎን ያህል ያዘጋጃል። ካልሲየም ናይትሬትና ኤፕሶም ጨው በየትኛውም የእርሻ ዕቃ መደብር የሚገኙ ርካሽ ነገሮች ናቸው።

አቴና የተባለው አዲስ ስም ለትልልቅ አብቃዮች በዱቄት መስመሩ ታወቀ። ግሮውጄኔሬሽንም የሌላውን ጠርሙስ ከመሸጥ ድሪፕ ሃይድሮ የሚል የራሱን ማዳበሪያ ማምጣት ይሻላል አለ። ይህ ለብራንድ አምራቹ መጥፎ ዜና ነው። ሱቁ ትናንት ደንበኛ ነበር፤ ዛሬ ተፎካካሪ ሆነ።

ዋጋውን ወደ ላይ የሚገፋ ነገር ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። ሕጋዊ ምርት ላቦራቶሪ ይገባል። ካሊፎርኒያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ እንደ አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ እርሳስና ሜርኩሪ ያሉ መርዛማ ነገሮች እንዲለኩ አስገድዳለች። ካድሚየም ደግሞ ከፎስፌት ድንጋይ ጋር የሚመጣ ነው። አንድ ዙር ምርት ወድቆ የሚጣልበት አብቃይ የማዳበሪያውን የምርመራ ወረቀት ይጠይቃል፤ ለንጹሕ ጨውም ጥቂት ይጨምራል። እያንዳንዱ የማዳበሪያ ምርት በየግዛቱ መመዝገብ አለበት። ያኔ ጓዳ ውስጥ በርሜል ውስጥ ተቀላቅሎ የሚያብረቀርቅ ስቲከር የተለጠፈበት ጠርሙስ ቦታ አጣ። በ2011 የካሊፎርኒያ ባለሥልጣናት የጠርሙሱ መግለጫ ላይ ያልተጻፈ የዕድገት መቆጣጠሪያ ኬሚካል የተገኘባቸውን ምርቶች ከገበያ ማገዳቸው የሚታወስ ነው። የዚያ ዓይነቱ ንግድ መቀነሱ አያሳዝንም።

ውድ ጠርሙሱ የቀረለት ደንበኛ ቤቱ የሚያበቅለው ሰው ነው። ካሊፎርኒያ በአንድ ቤት እስከ ስድስት ተክል ትፈቅዳለች። ለስድስት ተክል ብሎ ባለ 25 ፓውንድ ከረጢት የሚሸከም የለም። አንድ ሊትር ጠርሙስ ይበቃዋል፤ በግራም አስልቶም አይገዛም። እንግዲህ ገበያው ለሁለት ተከፍሏል። በብዛት የሚገዛው ትርፍ አይሰጥም፤ ትርፍ የሚሰጠው በብዛት አይገዛም።

ስህተቱ የት ላይ ነው?

እኔ ጄኔራል ሃይድሮፖኒክስን መግዛቱ ስህተት ነበር አልልም። በ130 ሚሊዮን የታወቀ ስም፣ ቀመርና ፋብሪካ መግዛት ያስኬዳል። የጎዳው ሰንላይት ሰፕላይን ገዝቶ የገባበት አከፋፋይነት ነው። አከፋፋይ የሌሎችን ዕቃ በቀጭን ትርፍ ያዞራል፤ መጋዘንና ክምችት ይሸከማል። ሽያጭ ሲወድቅ ክምችቱ ይቀመጣል፣ የመጋዘኑ ኪራይ ግን አይቆምም። በ2021 በኮቪድ ዘመን የመርከብ ኪራይ ተጓጉዞ የመጣ ዕቃ በ2022 በርካሽ መሸጥ ነበረበት። ኩባንያው ራሱ ይህን ያመነ ይመስላል። በ2024 የሌሎችን ምርት ማከፋፈል አቁሞ፣ የራሱን ምርቶች ማከፋፈሉን ቢኤፍጂ ሰፕላይ ለሚባል ድርጅት ሰጠ። ሆውቶርንንም ከስኮትስ የመለየት ፍላጎቱን ደጋግሞ በይፋ ተናግሯል።

አሁን ባለሀብቶች የሚጠብቁት የፌዴራል መንግሥቱን ነው። በግንቦት 2024 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ካናቢስን ቁጥጥሩ ቀለል ወደሚለው ሦስተኛው የመድኃኒት መደብ ለማውረድ ረቂቅ ደንብ አወጣ። ያ ከጸደቀ አንቀጽ 280ኢ ካናቢስ ላይ መሥራቱን ያቆማል። አብቃዩና ሱቁ ጥሬ ገንዘብ ይተርፋቸዋል፤ ለማዳበሪያ አቅራቢው ያለባቸውን ዕዳ ይከፍሉ ይሆናል። ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው።

ሙሉ የፌዴራል ፈቃድ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ካናቢስ የሚያበቅለው ድንበር ማሻገር ስለማይቻል ነው። በክረምት በረዶ የሚወርድበት ኢሊኖይ ውስጥ፣ ዝግ መጋዘን ውስጥ፣ በመብራትና በማዳበሪያ ድብልቅ የሚበቅለው ለዚህ ነው። ኦሪገን በ2019፣ ካሊፎርኒያ በ2022 የፌዴራሉ ክልከላ ሲነሳ ለሌሎች ግዛቶች ለመሸጥ የሚያስችል ሕግ ከወዲሁ አውጥተዋል። በር ሲከፈት ፀሐይና አፈር ካለበት ቦታ የሚመጣው ምርት የኢሊኖይን መጋዘን በዋጋ ይገፋዋል። በውጪ የሚያበቅል ገበሬ ደግሞ የሚገዛው እንደ ማንኛውም ገበሬ በቶን ነው፤ ከሃይድሮፖኒክስ ሱቅ ጠርሙስ አይወስድም። «ፌዴራሉ ሊፈቅድ ነው» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ግን የእነዚህ ኩባንያዎች አክሲዮን አሁንም ብድግ ይላል።